የቄስ ታደለ መስቀልና የሽባባው ፍሪሲዮን

ሙያዬን የለመድኩት ደሴ ውስጥ ከአንድ ቁጡ መካኒክ እግር ስር ነው። ሰውዬው ሲያስተምረኝ ከእጁ ይልቅ ጆሮውን ነበር የሚያስቀድመው። ሞተር አስነስቶ ዓይኑን ይጨፍንና "በል ንገረኝ፣ የቱ ጋ ነው የሚያማት?" ይለኛል። መልሱ ከጠፋኝ ኩርኩም ነው። እንዲህ ሆኜ ተገርቼ ወደ ተወለድኩበት ላሊበላ ተመለስኩና ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች ጋራዥ ከፈትኩ።

ያኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ደንበኛ ሲመጣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ኮፈን አስከፍታለሁ። ሹፌር ሰበብ ሲደረድር "አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር" እለዋለሁ። እናቴ "አንተ እኮ አንጀትህ የሚራራው ለላላ ብሎን ብቻ ነው" ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ሰው ያባብላል፣ ይሸነግላል። መኪና ግን ያመመውን አይደብቅም፤ እኔም ያየሁትን አልደብቅም እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ቀን የብልባላ ገበያ ዕለት ነበር። ብልባላ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ሞተሩ ቆሞበት ጠርቶኝ፣ የመፍቻ ሻንጣዬን ይዤ መኪና ስጠብቅ ሽባባው ደረሰ። ሽባባው በአሮጌ ፒካፑ ከላሊበላ ብልባላ ሰውና ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ሳቂታ ነው፣ ለሰው ሟች ነው፤ በመኪናው ላይ ግን እንደሱ ያለ ጨካኝ አይቼ አላውቅም።

"ውጣ ከኋላ" አለኝ። "ዛሬ ግን ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ሕመምተኛ ይዣለሁ።"

ጋቢናው ውስጥ ከሽባባው ጎን እማማ የሺ ነበሩ። በቀጭን ጋቢ ተጠቅልለው፣ ሁለት ትራስ ከጀርባቸው ተደርጎላቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል ባለቤታቸው ቄስ ታደለ ናቸው፤ አንድ እጃቸው የሚስታቸውን ትከሻ ደግፏል፣ በሌላው የእጅ መስቀላቸውን ይዘዋል። ቄስ ታደለን የማያውቅ በዚያ አገር የለም። ከብልባላ በታች ባለው መንደር ያደገውን ትውልድ ክርስትና ያነሱት እሳቸው፣ ያጋቡት እሳቸው፣ የቀበሩትም እሳቸው ናቸው።

ከኋላ ጭነቱ ላይ ከጥቂት ዘመዶቻቸው ጋር እትዬ ዘነቡ ተቀምጠዋል፤ የእማማ የሺ ታናሽ እህት ናቸው። መኪናዋ ከከተማው ስትወጣ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

"ልቧ ነው ልጄ፤ ደክሟል" አሉኝ። "ሐኪሞቹም ቤቷ ብትሆን ይሻላል አሉ። እንዲህ ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቀዋለህ።"

"እሳቸውስ ያውቃሉ?"

"ከማናችንም ቀድማ ነው ያወቀችው። የያዛት አንድ ነገር ነው። አበባ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ስንት ዘመን ማኅፀኗ ተዘግቶ፣ ስንት ጸበል ተንከራታ፣ እናቷ ሐኪም ቤት እንደገባች ወለደች። ሴት ልጅ። አበባ አራስ ናት፣ ሕፃኗም ክርስትና አልተነሳች፣ ከቤት አይወጡም። እህቴ ደግሞ 'የልጅ ልጄን ዓይን ሳላይ አልሞትም' አለች። ይኸው እንግዲህ ከሞት ጋር እሽቅድምድም ይዘናል።"

መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል። ገብስና ስንዴ የጫኑ አህዮች፣ ዶሮ አንጠልጥለው የሚሄዱ ሴቶች፣ በግ የሚጎትቱ ወንዶች። ከነዚህ ሁሉ መካከል ቄስ ታደለን ከመስኮቱ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ አልነበረም። "አባታችን፣ ይባርኩን!" ይላል አንዱ፣ እጁን አንስቶ ከመንገዱ መሐል ይቆማል። ሽባባው ያቆማል። ቄስ ታደለ መስቀሉን በመስኮት ያወጣሉ፣ ሰውየው ግንባሩንና ከንፈሩን አስነክቶ ይሳለማል። ከኋላው ሚስቱ፣ ከሚስቱ ኋላ ጎረቤቱ። ከዚያ ጥቂት እንሄዳለን፣ ደግሞ ሌላው። ቄስ መስቀሉን አይነፍግም፣ ምእመንም ቄስ አይቶ ሳይሳለም አያልፍም። በኛ አገር ይህ ሕግ ከትራፊክ ሕግ በላይ ነው።

ሜዳው ላይ ምንም አልነበረም። አቀበቱ ሲጀምር ግን ጆሮዬ ቆመ። ሽባባው ሽቅብ ላይ ሲያቆም ማርሹን አያወጣም፤ ፍሪሲዮኑን ከግማሽ ለቅቆ፣ ነዳጅ እየሰጠ፣ መኪናዋን አየር ላይ እንዳለች አድርጎ ያንጠለጥላታል። ሰዎቹ ተሳልመው እስኪጨርሱ ሞተሩ ያጉረመርማል። የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፌ ደበደብኩ።

"ሽባባው! በፍሪሲዮን አታንጠልጥላት! ሸራውን እየበላኸው ነው!"

"ታዲያ በምን ላንጠልጥላት?" ሲል ጮኸ። "የእጅ ፍሬኗ እንደሆነ ስሙን ብቻ ነው የተወልኝ! ፍሬኑን ለቅቄ ነዳጅ እስክሰጥ ብትንሸራተትብኝ ከኋላዬ ሰውና አህያ ነው ያለው!"

ያለውም ሐሰት አልነበረም። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ጋቢናውንና እኛን የሚለየው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማናል። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው መጥቶ ሲከበን ቄስ ታደለ መስቀሉን መለስ አደረጉና "ዛሬስ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሕመምተኛ ይዘናል ልበላቸው ይሆን?" ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ።

እማማ የሺ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ መለሱ። "ኧረ አይሆንም። ከስንት አገር በእግራቸው የመጡ ናቸው። ያሳልሟቸው። እኔ እቆያለሁ።"

ቄስ ታደለ መስቀሉን መልሰው አወጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልሄድን። ግራና ቀኙ ጽድ የሆነበት ረጅሙ አቀበት ወገቡ ላይ ስንደርስ ያን ሽታ አሸተትኩ። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ሞተሩ ጮኸ፣ ፒካፗ ግን ከመሄድ ይልቅ መቃተት ጀመረች፤ ከዚያም ጭራሽ ቆመች። ሽባባው ነዳጅ ሲጨምር ድምፁ ብቻ ጨመረ። ዘለን ወርደን ከጎማዎቹ ኋላ የድንጋይ ታኮ አደረግን።

"ማርሹ እምቢ አለ" አለ ሽባባው ፊቱ በላብ ተጠምቆ።

ሹፌር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ለሁሉም በሽታ ስሙ "ማርሽ እምቢ አለ" ነው። እናንተ ግን ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ጎማውን የሚያጋባና የሚያፋታ ዕቃ ነው። ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። አንደኛው አልፋታም ማለት ነው፤ ፔዳሉ ይላላል፣ ማርሹ ሲገባ ይንጫጫል ወይም ጨርሶ አይገባም። ይህ ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይት የሚገፋው ፖምፓ ሲያፈስ የሚመጣ ነው፤ የሹፌር አነዳድ የለበትም፤ አንዲት ላስቲክ ተበልታ ነው። ሁለተኛው አልጋባም ማለት ነው፤ ማርሹ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ይሄኛው ሁለቱን አጣብቆ የሚይዘው ሸራ ማለቅ ነው፤ ሸራ ደግሞ የሚያልቀው በአያያዝ ነው። ያውም ቀስ በቀስ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንዲሉ።

የቱ እንደሆነ ሽታው ነግሮኛል፤ ግን አረጋገጥኩ። ታኮውን ከፊትም ከኋላም አጠንክሬ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ ተንቀጥቅጦ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይዞር ነበር። ከጎኔ እማማ የሺ ዓይናቸውን ከድነው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ያፏጫል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ የሰው ድምፅ ጎልቶ ተሰማኝ።

ሽባባው ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጥቶ ተመለሰ። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ለማምጣት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። የሚያውቃቸው ሹፌሮች ደግሞ አንዱ ነዳጅ የለውም፣ ሌላው ወልድያ ነው።

"እኛስ ምን ሆነን?" አሉ ገበያተኞቹ። ሸክማቸውን አውርደው፣ ሁለት እንጨት ቆርጠው፣ ጋቢ አስረው ቃሬዛ ሠሩ። በዚያ አገር ሕመምተኛ መንገድ ላይ አይጣልም፤ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ሳይባባሉ ይሸከማሉ። እማማ የሺን አውርደን ቃሬዛው ላይ ስናጋድማቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ፣ እጃቸው አየሩን ይጨብጥ ጀመር። እትዬ ዘነቡ "ቀና አድርጓት! ሰዎች፣ ቀና አድርጓት!" ብለው ጮኹ። ቶሎ አንስተን ወደ ጋቢናው መለስናቸው። ያ ልብ መጋደም አይችልም፤ ተቀምጠው ብቻ ነው የሚተነፍሱት።

ቄስ ታደለ ወደ እኔ መጡ። "ልጄ፣ መካኒክ ነህ አሉኝ። የምትይዘው ነገር አለ?"

"አለ አባቴ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው" አልኳቸው። "ለፍሪሲዮኑ ጥቂት አቅም ቀርቶታል። እስኪበርድ እንጠብቃለን፣ የፔዳሉን ዘንግ ትንሽ አላላለታለሁ፣ ያቺው የቀረችው እንድትነክስ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ሳልረግጥ አንደኛ ማርሽ ላይ እንዳለች በማስነሻው ሞተሪኖ አስነሳታለሁ፤ ሰው ከኋላ ይገፋል። አንዴ ከተነሳች ግን ቤታችሁ ደጃፍ እስክትደርስ አትቆምም። መሐል ላይ ካቆምኳት አበቃ። ማንም ቢያስቆመኝ አልቆምም።"

ወደ ላይ አዩ። እኛ ካለንበት በላይ ባለው ጥምዝምዝ የገጠሩ የእግር መንገድ ከመኪናው መንገድ ይገናኛል፤ ሰዉ ከዚያ እየፈሰሰ ነበር። ብዙዎቹ ቄስ ታደለ ፒካፗ ውስጥ እንዳሉ ከቀደማቸው ሰው ሰምተዋል፤ ከሩቁ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይጠብቃሉ።

ቄስ ታደለ ብዙ አላሰቡም። "እኔ ካለሁ ያስቆሟችኋል" አሉ። "እኔ ልቅደምና እዚያ ጥምዝምዙ ላይ ከመንገዱ ወጥቼ ልቁም። የሚሳለመው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፣ መንገዱም ይለቅላችኋል።"

"እርስዎስ አባቴ? ቆሜ ላሳፍርዎት አልችልም እኮ!"

"እግር አለኝ።"

"አባ፣ ከእሷ ጋር ይሁኑ እንጂ!" አሉ እትዬ ዘነቡ እንባቸው እየወረደ። "ሌላ ሰው ሄዶ ይንገራቸው!"

"ሌላ ሰው ቢነግራቸው 'አንድ ጊዜ ብቻ' ይሉታል፤ የኛን ሰው አላውቀውም እንዴ? አንቺ ግቢና ደግፊያት።"

በጋቢናው በር በኩል ጎንበስ ብለው ለሚስታቸው የሆነ ነገር ነገሯቸው። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግኩም። እማማ የሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቄስ ታደለ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ መስቀላቸውን ይዘው አቀበቱን ተያያዙት። ከኋላ ሳያቸው ሽማግሌ መሆናቸው ገና ያኔ ታየኝ።

ዘንጉን አላልቼ፣ ብረቱ በእጅ እስኪነካ ድረስ ጠበቅኩና መሪ ያዝኩ። እትዬ ዘነቡ እህታቸውን ከጎን አቀፏቸው። ሽባባውና ገበያተኞቹ ከኋላ ትከሻቸውን ሰጡ፤ ታኮው ተነሳ። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው አጓራ፣ ፒካፗ እንደ ሰካራም ተወላገደች፣ ሞተሩ ተነሳ። ሄደች። ቀስ ብላ፣ ሰው በእግሩ ሊቀድማት ትንሽ ሲቀረው፣ ግን ሄደች። የነዳጁን ፔዳል በእግሬ አውራ ጣት ብቻ ነበር የምነካው፤ ትንሽ ከጨመርኩ ሸራው ይንሸራተታል፣ ትንሽ ከቀነስኩ ሞተሩ ይጠፋል።

ጥምዝምዙ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መንገዱ ባዶ ነበር። ቄስ ታደለ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ካለ ጽድ ስር ቆመዋል፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሸክም፣ ያ ሁሉ አህያ እሳቸው ዙሪያ ነው። ወደ አጠገባቸው ስንደርስ መስቀሉን ከሰዎቹ ራስ በላይ ከፍ አድርገው ወደ ጋቢናው ዘረጉት። እማማ የሺ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ሰገግ አደረጉ፤ ግን ሩቅ ነበር። አለፍናቸው። በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ካለፈው ሰው ሁሉ መስቀሉን ሳይሳለሙ ያለፉት የገዛ ሚስታቸው ብቻ ናቸው።

"ኧረ በእግዚአብሔር፣ ትንሽ..." አሉ እትዬ ዘነቡ።

"አልችልም!" አልኩ። ድምፄ ተሰበረ። የምቆጣ ሰው እንጂ ድምፁ የሚሰበር ሰው አልነበርኩም።

እማማ የሺ በስፖኪዮው ወደ ኋላ ያዩ ነበር። ቆይተው ፈገግ አሉ። "ተዪው ዘነቡ። ይህ ለኔ መች አዲስ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ያቆማቸዋል። ዕድሜ ልኬን የሳቸውን ወጥ ደጋግሜ ሳሞቅ ነው የኖርኩት።" ትንፋሽ ወሰዱ። "አንድ ቀን ተቆጥቼ 'ሰዉ ይበልጥብዎታል?' አልኳቸው። 'አይበልጥም፤ አንቺ ግን ትጠብቂኛለሽ፣ እነሱ ያልፋሉ' አሉኝ። ይሄው ነው እንግዲህ።"

እንባዬ መንገዱን ጋረደኝ። በክንዴ ጠረግኩት። ሽታው እየባሰ፣ ጭሱ ከእግሬ ስር መግባት ጀመረ። በልቤ የምለምነው ለሸራው ይሁን ለሴትየዋ አላውቅም። ብቻ እለምን ነበር።

ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነው። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ፒካፗ በራሷ ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሰው ግፊያ እንኳ አልተነቃነቀችም። ጎረቤት ሴቶች ሮጠው ወጡ። ከውስጥ አንዲት ሴት በነጠላ ተከናንባ ብቅ ስትል ሁሉም "አበባ! አራስ አይደለሽ እንዴ! ግቢ፣ ፀሐይ ይመታሻል!" ብለው ጮኹባት። አበባ አልሰማቻቸውም። ጭሱን በእጇ እየገፈፈች መጥታ፣ ከነጠላዋ ስር ያለችውን ጥቅል በእናቷ ጭን ላይ አስቀመጠች።

እማማ የሺ ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። ሕፃኗ ተኝታለች። እማማ የሺ ፈርተው እንደሚያዩት ነገር ቀስ ብለው አዩዋት፤ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ሕፃኗ ተነጫንጫ ዓይኗን ገለጠች።

"እደጊ" አሏት። "እደጊልን እናቴ። ግንባሯ የአባ ነው።" ከዚያ ቀና ብለው መንገዱን አዩ። "እሳቸውስ?"

"እየመጡ ነው እማማ" አልኩ።

"ይቆያሉ" አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የሚያውቁትን ነገር ነው የተናገሩት። ራሳቸውን እህታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ የሚያፏጭ ትንፋሽ እንደቆመ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጆሮዬን የረገምኩት ያን ቀን ነው። አበባ ልጇን አንስታ እናቷን ስትጠራ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ አሁንም መሪውን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ቄስ ታደለ ሲደርሱ ዋይታውን ከሩቅ ሰምተዋል። አልሮጡም። ሽባባው ክንዳቸውን ይዞ "አብሽሩ አባቴ፣ አይዞን" ይላል፤ የሚያለቅሰው ግን እሱ ነው። መንገድ ላይ ሰው ያስቆማቸው እንደሆነ በኋላ ሽባባውን ጠየቅኩት። አስቁሟቸዋል። የሚያውቀውም የማያውቀውም አስቁሟቸዋል፤ አንዱንም አልከለከሉም።

ወደ ጋቢናው ከመጠጋታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

"አየቻት ወይ?"

"አይተዋታል አባቴ። ዓይን ለዓይን ነው የተያዩት። መርቀዋታል።"

"እንግዲያስ ደርሰናል" አሉ። ከዚያ የጋቢናውን በር ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

በማግስቱ እማማ የሺ ተቀበሩ። ወፍጮው ሳይሠራ ቀረ፤ እኔም ከቀብር መልስ ፒካፗን አስጎትቼ ላሊበላ ወሰድኳት። የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ አውርጄ ሳየው ሸራው ብረቱ እስኪታይ ተቃጥሎ ጠቁሯል። በዚያ ሸራ ያን አቀበት እንዴት እንደወጣን እስከ ዛሬ የማስረዳበት ሙያ የለኝም።

የአርባቸው ተዝካር ካለፈ በኋላ ቄስ ታደለ ጋራዤ ድረስ መጡ። ሽባባውም ነበር። ከሳ ብለዋል። በርጩማ ሰጥቻቸው ተቀመጡ፤ እጃቸው ባዶ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። መስቀሉን አልያዙም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ" አሉ። "ያች መኪና በምን ቆመች?"

ጨርቄን አንስቼ እጄን እጠርግ ጀመር።

"ከኋላ ሆነህ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ፤ አታንጠልጥላት ስትል። እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር። ኋላ ላይ ሳስበው... እየቆምን ሰው ስላሳለምሁ ነው ወይ? እየቆምን ባይሆን ኖሮ አብሬያት እደርስ ነበር? እውነቱን ንገረኝ፤ እንደማትሸሽግ ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ በገደሉ ስር ባለው መንገድ ነው የምሄድ፣ ሰው እንዳያገኘኝ። መስቀሉን ስይዘው እጄ ይንቀጠቀጣል።"

የተቃጠለው ሸራ ጠረጴዛው ላይ፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። ሽባባው አየኝ። እኔም አየሁት።

"ፖምፓው ነው አባቴ" አልኩ። "ዘይት አፍስሶ ነው። ውስጡ አንዲት ትንሽ ላስቲክ አለች፣ እሷ ተበልታ ኖሯል። ብትቆሙም ባትቆሙም እዚያው ቦታ ላይ ትቆም ነበር።"

"መቆማችን ምንም የለበትም?"

"ምንም።"

ወደ ሽባባው ዞሩ። ሽባባው አንገቱን ደፍቶ "እውነቱን ነው አባቴ፤ ዘይቱ ፈሶ ነው ያገኘነው" አለ።

ቄስ ታደለ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉና ተነሱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ መስቀሉ በመሐረብ ተጠቅልሎ እዚያው ነበር። ፈቱትና አሳለሙኝ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ከጋራዡ ደጃፍ ሲወጡ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት "አባታችን!" ብላ ተነሳች፤ ቆሙላት።

ውድ አንባብያን፣ ያ ቀን ምን እንደለወጠብኝ ብትጠይቁኝ ብዙ አላወራም። መኪና በምንም ቢመጣ፣ በዘይትም ይሁን በጎማ፣ መጀመሪያ የማየው የእጅ ፍሬኑን ነው፤ ካልሠራ ሠርቼ ነው የምለቀው፣ ሹፌሩ ቢነጫነጭም። ሁለተኛ፣ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ሦስተኛው ነገር ከበደኝ። እውነት መናገር ጀግንነት ይመስለኝ ነበር፤ ለእኔ ግን ምንም አያስከፍለኝም ነበር፣ የሚከፍለው ሁሌም ሰሚው ነው። የዚያን ቀን እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ሙያዬ አይነቀፍም፣ እኒያ ሰው ግን እስኪሞቱ በገደሉ ስር ይሄዱ ነበር።

ትክክል ሠርቻለሁ ብዬም አልፎክርም። የሚያሳርፈኝ ሰው እንኳ የለም። ከዚያ በኋላ ቄስ ታደለን የነፍስ አባት አድርጌ ይዣቸዋለሁ፤ ያለብኝን ሁሉ እየነገርኳቸው ንስሐ እቀበላለሁ። ይህን አንዱን ግን ለሳቸው እንዴት ብዬ ልናዘዝ? እሳቸው ከጸሎት መጽሐፋቸው በቀር ሌላ እንደማያነቡ ተማምኜ ለእናንተ ጻፍኩት። በዚያ መንገድ ስታልፉ፣ ከጽዱ ስር ወይም ከገበያው አፍ ላይ ብታገኟቸው፣ ቆማችሁ መስቀላቸውን ተሳለሙ። ድንገት ስለዚያች መኪና ካነሱባችሁም፣ አደራ፣ ፖምፓው ነው ያፈሰሰው በሉልኝ።